ሰማዩ በአባ ጉልበት ላይ

…መጋረጃውን የዘጋሽልኝ ቀን ትዝ አለኝ፣ ወዳጄ ምስጢር፤ ብርሃኑ ላፕቶፔ ላይ እንዳያንጸባርቅ። እዚህ ጎንደር መጋረጃ የለም። ዛሬ ጠዋት፣ ጣሪያው የመላእክት ፊት በተሣለበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ጽድ ሥር ተቀምጬ መጽሐፌን ስጽፍ ፀሐዩ አንዲት ፊደል እንኳ አላሳይ አለኝ። ስክሪኑ መስታወት ሆኖ የራሴን የተጨነቀ ፊት መለሰልኝ።

የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የሚይዙት አባ ገብረ ኪዳን አጠገቤ ተቀመጡ። አንገታቸው ጎብጦ ከደረቀ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቀና ማለት አይችሉም። ስክሪኑ ላይ ደመናና አንድ ጭልፊት ሲያልፉ አዩ።

«ምነው ልጄ፣ ሰማዩን ከየት አወረድሽው?»

«ፀሐዩ ነው አባቴ፤ ሥራ ከለከለኝ።»

«እንዲህ ያለ ሸጋ ነገር ይዘሽ ታማርሪያለሽ?»

ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ጭልፊቱን እስኪሰወር በዓይናቸው ተከተሉት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ጣሪያው ላይ ያሉትንስ ያሳያል?» አሉ። ስምንት ዓመት ከመላእክቱ ሥር ቆመው አስቀድሰዋል፤ አንዱንም አላዩም።

የቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጨለም ስለሚል፣ ላፕቶፑ እንደ መስታወት የሚያሳየው ሲጠፋ፣ ስክሪኑ ሲጠቁር ነው። የጠዋቱን ምዕራፍ አስቀምጬው ይሁን አይሁን በዚያ ብርሃን አላየሁም። አጠፋሁት።

ፖስት ካርዱ ሊሞላ ነው። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ልጅሽን ዝማሬንስ ሳሉ ተሻላት? አባ ጫማቸውን አውልቀው፣ ላፕቶፑን ውኃ እንደሞላ ሳህን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ።

«ልከተልዎ?»

«ቆዪ፣ ልጄ።»

በሩ ተዘጋ።