እማዬን የሚያደርስ መኪና

ሰኞ

ቤንዚን የለም። ባሌ ታደለ እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ማደያው ጋ ሲሰለፍ ውሎ፣ ተራው ሊደርስ ሲል አልቋል ተብሎ መጣ። ለሙከራ የተዋሳት የጎረቤታችን አሮጌ የቤንዚን መኪና ናት፤ ልንገዛት አስበናል። ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ ሽቅብ ስትወጣ ታቃስታለች፣ እሱም አብሯት ያቃስታል። ብስቅ ተቆጣኝ።

ነገሩ እንኳን የሚያስቅ አልነበረም። እማዬ አገሯ ገረሴ፣ ደጃፏ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ እኛ ጋ ናት። አዲስ አበባ ነው ብረት የገባላት። ብረቱ በየጊዜው ካልታየ መራመዷን ልታጣው ትችላለች ብለውናል። አንዱ ቀጠሮ አልፏታል፤ አውቶቡስ ሁለተኛ አልሳፈርም አለች። ለምን ስላት "ደከመኝ" ብቻ። የሚቀጥለው ቀጠሮ የፊታችን ሳምንት ረቡዕ ነው። መኪና የምንፈልገውም ለዚሁ ነው።

ማክሰኞ

እራት ላይ ከመኪና ሌላ ወሬ የለም።

ቤንዚን፦ የትኛውም መካኒክ ይፈታታታል። ግን ማደያው እንደ ትናንቱ ከሆነ መንገድ ላይ ባለ ጀሪካን መለመን ነው።

ሃይብሪድ፦ በቤንዚንም በባትሪም ስለምትሄድ ቤንዚን ትቆጥባለች። መካኒኩ ግን ባትሪዋ ከደከመ እኔ ጋ እንዳታመጣት ብሎ ከወዲሁ ገሸሽ ብሏል።

ኤሌክትሪክ፦ የታደለ የሥራ ባልደረባ አቶ ማርቆስ የሚሸጠው አለ። ንጹሕ ነው፣ ድምፅ የለውም። አዲስ አበባ ግን በአንድ ትንፋሽ አይገባም። ሶዶ አድሮ ቻርጅ መደረግ አለበት፣ ያውም መብራት ካለ።

ታደለ ኤሌክትሪኩን ወዲያው ሰረዘው። "ታማሚ ይዤ ሶኬት ልለምን?" አለ። ልክ ነህ አልኩት።

ረቡዕ

ሃይብሪድ ተገኘች። ታደለ በደስታ ሊሞት ነው። እማዬ ፊት ቁጭ ብሎ፣ "እማማ፣ በጠዋት ተነስተን፣ የትም ሳንቆም አዲስ አበባ እንገባለን። ምንም አይንገላቱም" አላት። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ "ተባረክ" አለችው። ደስ ያላት መስሎኝ ነበር።

እሱ እንደወጣ አልሄድም አለችኝ። ይቅርብኝ፣ እዚሁ ቁጭ እላለሁ አለች። ተናደድኩ። ሰው ስላንቺ ማደያ ለማደያ ሲንከራተት አይታይሽም ወይ ብዬ ጮህኩባት። አንገቷን ደፋች። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ሐሙስ

ጠዋት እግሯን ቅባት እያሸሁላት ሳለ ነገረችኝ። የከበደ ነገር ሲሆን በጋሞኛ ነው የምታወራኝ።

ከሕክምናው በአውቶቡስ ስትመለስ ሽንቷ መጣ። አብሯት የነበረው ወንድሜ ነው፤ ለወንድ ልጅ እንዴት ይነገራል? እንደምንም ረዳቱን ጠየቀችው፤ ሶዶ ስንደርስ አላት። አልቻለችም። አርባ ምንጭ ሲደርሱ፣ ሰው ሁሉ እስኪወርድ እግሬን አሞኛል ብላ ቁጭ አለች።

ክው አልኩ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ይዛው ነው። የታደለ መኪና እኮ አውቶቡስ አይደለም፣ ደስ ባለሽ ቦታ ይቆምልሻል አልኳት። "አማቼን ነው ለዚህ አቁምልኝ የምለው?" አለችኝ። ሳንቆም ሲላት ያን ቀን ነው ያስታወሳት። ለእሱ ትንፍሽ እንዳልል አስማለችኝ።

አብረን አለቀስን።

ዓርብ

ምክንያቱን ሳልናገር ባሌን ማሳመን ነበረብኝ። ኤሌክትሪኩ ይሻላል አልኩት። ማክሰኞ ልክ ነህ ብለሽኝ አልነበር እንዴ፣ ምን ነካሽ አለኝ። ሰልፉ ሰልችቶኛል አልኩ። ንጹሕ ነው አልኩ። አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ አክስቴን አመጣሁበት። የእማዬ ታናሽ ሶዶ ናት። እህቷ ደጇን አልፋ ሄደች ከሚባል እኔ መሬት ብትውጠኝ ይሻለኛል አልኩት። ይሄ ደግሞ ውሸት የለውም፤ እኛ ዘንድ የእህትን በር ማለፍ ትልቅ ነውር ነው። ባለፈው እሱ ራሱ ሳይገባ ቢያልፍ ስንት ወር እንዳኮረፈችው ያውቃል።

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ "እሺ" አለ። አቶ ማርቆስም ደርሳችሁ ተመለሱና ትወስናላችሁ ብሎ ፈቀደልን።

እማዬ ጋ ሄጄ ይሄኛው መኪና የግዱን ይቆማል አልኳት። "ማን ጠይቆት?" አለች። ማንም አይጠይቀውም፣ ራሱ ነው አልኳት። አሰበች፣ አሰበችና የትኛውን ቀሚስ ልልበስ አለችኝ።

ቅዳሜ

ዶርዜ ድረስ ሞከርነው። ሽቅቡን ባትሪው ሲወርድ ታደለ ላብ በላብ ሆነ፤ ቁልቁል ስንመለስ መልሶ ሲሞላ ደግሞ እንደ ልጅ አደረገው። መንገዱን ሁሉ ስለ ባትሪ አስተማረኝ። ሙቀት፣ ፍጥነት፣ ዳገት፣ የሚጎዳውን፣ የማይጎዳውን። ገብቶኛል አልኩት፣ ግማሹ ገባኝ።

እሑድ፣ ሶዶ

አክስቴ ቤት ደርሰናል። ግን መብራት የለም። ታደለ የቻርጁን ገመድ ይዞ ከግቢ ወደ ቤት ይመላለሳል። ነገ ሶኬት ያገኘንበት እንሞላለን ይላል። ለረቡዕ መድረሳችንን እንጃ።

አንድ ነገር ግን ልጻፍ። ስንመጣ ምዕራብ አባያ ጋ፣ ዛፍ የበዛበት ቦታ ሲደርስ ታደለ ጥግ ይዞ ቆመ። "ባትሪው ትንሽ ይረፍ" አለና ጀርባውን ሰጥቶን ርቆ ሄደ። እማዬን ደግፌ አወረድኳት። ጨርሰን መኪና ውስጥ እስክንገባ ዞሮ አላየንም። ሶዶ መግቢያ ላይም እንደገና አሳረፈው። እማዬ ጆሮዬ ላይ፣ ይሄ መኪና ሰው ያውቃል አለችኝ።

ባትሪ ዕረፍት አይፈልግም። ትናንት ካስተማረኝ ውስጥ በደንብ የገባኝ እሱ ነው። ከማን እንደሰማ አልጠየቅኩትም። አልጠይቀውምም።