የምታስጠጋዋ ሌንስ

ጥቅምት ፬፣ ማለዳ

ዛሬም ከመነጽሬ በፊት ያጸዳሁት ካሜራውን ነው። ልጄ የሺ ከባሕር ዳር አምጥታ ትታልኝ ከሄደች ወዲህ የቀኔ ሥርዓት ተዛብቷል። ዳዊት፣ ካሜራ፣ ቁርስ። ቀድሞ ዳዊትና ቁርስ ብቻ ነበር።

ሁለት ሌንስ ነው ያመጣችው። አንዱ ረጅም፤ የሩቁን አጉልቶ የሚያቀርብ፣ አንገት የሚሰብር። ሌላዋ ከግማሽ ሎሚ የማትበልጥ። ታናሿ አታጎላም፣ አታርቅም። እንደተሠራች የጸናች ናት። ሰው እንዲተልቅልዎ ከፈለጉ በእግርዎ ይጠጉ፤ የሺ ያለችኝ ይኸው ነው። መንገደኞችና የጎዳና ፎቶ አንሺዎች የሚመርጡት ይህችን ነው አለች። አላመንኋትም። ትንሽ ነገር ትንሽ መስሎ ታየኝ።

ረጅሙን አንግቼ ወደ ገበያ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ተዋረድሁ፣ ማስታወሻዬ።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከቆመ የጭነት መኪና ጥላ ሥር ሆኜ ሽንኩርት ሻጭ ላይ አነጣጠርሁ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ጎረቤቷ ግን እየሳቀች፦ «አባባ፣ ምን ሊያድኑ ነው? እዚህ ያለነው ዶሮና ሽንኩርት ነን!» ገበያው ሳቀ። አንድ የሩዝ ነጋዴ፣ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረ፣ አንገቱን ደፋልኝ። እሱ ስለ እኔ አፈረ።

እውነታቸውን ነው። ተደብቆ ከሩቅ የሚያይ ሰው ወይ አዳኝ ነው ወይ ሰላይ። ዕድሜዬን በዚህች በወረታ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ፣ ዛሬ ሕዝቧን ከመኪና ጥላ ሥር አሾልቄ አየሁ።

ጥቅምት ፯፣ ከቀኑ ፱ ሰዓት

ታናሿን ገጠምሁ። ደነቀኝ።

በእሷ ለማንሣት እጅ ለእጅ እስኪነካኩ መቅረብ ግድ ነው። የቀረበ ሰው ደግሞ ዝም አይልም። እንዴት ዋላችሁ ይላል። ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ሩዙ እንዴት ያዘ ይላል። የእነሱንም ጥያቄ ይመልሳል። ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ካሜራውን ያነሣል። ስለዚህ ዛሬ ግማሽ ቀን ሰላምታ፣ ጥቂት ፎቶ። ሰላምታን የሚያስገድድ መስተዋት በዚህ ዕድሜዬ አየሁ!

ከገበያው ጫፍ ሸክላ ሠሪዋ ተቀምጣለች። ሰው ዕቃዋን ከገዛ በኋላ እጇን ሳይነካ የሚሄድባት ቦታ ናት። ከመጡ አይቀር ይቀመጡ አለችኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ካሜራዬን አየችና ይህች ብልቃጥ ሰው ታያለች እንዴ አለች። አሳየኋት። ማሰሮውን፣ ከማሰሮው አንገት ላይ የቀረውን የአውራ ጣቷን ዱካ፣ አውራ ጣቷንም ራሱን። ሦስቱ በአንድ ፎቶ። መስመር በመስመር። ከኋላዋ ያለው ጫጫታ ሁሉ እንደ ጭጋግ ሟሟ።

ጥቅምት ፰፣ ከንጋት በኋላ

ሜዳው። ውኃው ሸሽቷል፤ በየቦዩ ብቻ ቀርቷል። ሩዙ ፍሬ ይዞ አጎንብሷል፣ አረንጓዴው ወደ ወርቅ ሊዞር ነው። ከብቶቹ በጭጋግ ውስጥ እስከ ሆዳቸው ብቻ ይታያሉ፣ እግር የሌላቸው ይመስላሉ።

ታናሿ ይህን ሁሉ ዋጠችው። ግማሽ ሎሚ ውስጥ ፎገራ!

ዕድሜ ልኬን ይህን ሜዳ በቃል ልጽፈው ስታገል ኖሬአለሁ። አልቀናሁባትም። እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

ጥቅምት ፲፪፣ ምሽት

ዛሬ የምነግርህ ሌላ ነው። የልቤ።

ከባለቤቴ ከአትጠገብ ጋር ጎን ለጎን የቆምንበት ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ የሠርጋችን። የርብ ወንዝ ሞልቶ ቤታችን በገባበት ክረምት ከነሣጥኑ ራሰ። ስናወጣው ፊታችን ከወረቀቱ ታጥቦ ልብሳችን ብቻ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ፎቶ የላትም። መታወቂያዋ ላይ ያለችው እሷ አይደለችም፤ የተቆጣች የፍርድ ቤት ምስክር ናት።

ዛሬ ላንሣሽ አልኋት። እንዝርቷን አቆመች። «አንቱ ሰውዬ፣ ለለቅሶዬ ነው አይደል? ድንኳን ውስጥ ሊያቆሙኝ!»

በእኛ አገር የአሮጊት ፎቶ የሚጎላው፣ መስተዋት የሚገባው፣ በሰው እጅ የሚዞረው ስትሞት ነው። ነሐሴ ላይ ደግሞ ታማ ተኝታ ነበር፤ ዳነች እንጂ ፈርተን ነበር። እንድትጠረጥር አድርጌአታለሁ። ለአንተ አልዋሽም፦ ፍርሃቱ በእኔም ውስጥ አለ። የልጅነት ፊቷን ሳስብ የሚመጣልኝ ያ የታጠበ ወረቀት ነው። የምፈልገው ግን ለድንኳን አይደለም። ሁለታችን በአንድ ወረቀት ላይ እንድንቆም ነው። ይህን ልነግራት አፈርሁ። ሽማግሌ እንዲህ አይልም።

ጥቅምት ፲፱፣ ከሰዓት በኋላ

ተቀበለች! አንዲት ብቻ። ለብቻዋ።

ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። እኔ ከጎኗ በርጩማ ስቤ ተቀመጥሁ። አልጠየቅሁም። የበሩን ብርሃን፣ የጥጡን አመልማሎ፣ ግድግዳውን አነሣለሁ። ታናሿ በባሕርይዋ ታስጠጋለችና፣ በርጩማው ቀስ በቀስ እየቀረበ ጉልበታችን ተነካካ። አትጠገብ ቀና ሳትል፦ «ይህን ያህል ከተጠጉማ፣ ቢያነሡኝም ባያነሡኝም አንድ ነው።»

አነሣሁ።

ቤቱ ጨለማ ነው፤ መብራት አላበራሁም። ታናሿ ግን ዓይኗን ሰፋ አድርጋ ከፍታ ያን ጥቂት ብርሃን ጠጣችው። ክሩ ከጣቷ ወደ እንዝርቱ ሲወርድ እንደ ፀሐይ ጨረር ይታያል። አገጯ ላይ ያለው ንቅሳት፣ ሰማያዊው፣ ከነነጥቡ አለ። ጠፍቷል ብዬ ነበር። የጠፋው የእኔ ዓይን ኖሯል። አብሬው የኖርሁትን ፊት እንደ አዲስ ሰው ፊት ተመለከትሁ።

ጥቅምት ፳፫፣ ከቀኑ ፰ ሰዓት

አሁን ከከተማ ገባሁ። ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው።

ፎቶውን ወደ ፎቶ ቤት ወሰድሁ። ትልቅ አድርግልኝ፣ ጥሩ ፍሬም አግባልኝ አልሁ። ባለፎቶ ቤቱ አንዴ አየው፣ አንዴ እኔን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ የእኔን አስቀደመ። ወርቃማ ፍሬም መረጠ። በሁለት እጁ አስረከበኝ።

ፎቶውን ደረቴ ላይ ይዤ ባጃጅ ገባሁ። ሹፌሩ ሲያየው የሚያስጮኸውን ዘፈን አጠፋ። መገንጠያው ላይ፣ የደብረ ታቦርና የጎንደር መንገድ በሚለያዩበት፣ ጫኝ አውራጆች ከተቀመጡበት ተነሡ። አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። አንድ ቄስ መስቀላቸውን አንሥተው በሩቁ ባረኩኝ። ደጃፌ ስደርስ ሹፌሩ ሒሳብ አልቀበልም አለ። እንዲህ ባለ ቀን አይሆንም አባባ፣ ብሎኝ ሄደ።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ አንድ ፎቶ ሰውን ከመቀመጫው እንዲህ ያስነሣል? ብርሃን በሚገባ ሲያዝ መንገደኛ ይረዳዋል? ሕዝቤን አላውቀውም ኖሯል!

ሰቀልሁት። አትጠገብ አየችው። ዘንበል ብሎ ኖሮ ቀና አደረገችው።

ጥቅምት ፳፬፣ ረፋድ

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ገና ሳይረፍድ ከውጭ ዋይታ ተሰማ። አትጠገብ አመልማሎዋን ጥላ ተነሣች፤ እንደ ወጉ ነጠላዋን ለለቅሶ አጣፍታ፣ እንባዋን አዘጋጅታ ወጣች። ጎረቤቶቻችን ደጁን ሞልተውታል። ፊት ለፊት ወ/ሮ እናኑ፣ ደረቷን እየመታች።

«ማን ሞተ? የማን ለቅሶ ነው?» አለች አትጠገብ።

እናኑ ቀና ብላ አየቻት። ዋይታዋ ተቋረጠ። ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ከኋላ ያሉት ግን አላዩምና አትጠገብን በስሟ እየጠሩ ያለቅሳሉ። እሷ ራሷ ቆማ ትሰማለች። በመጨረሻ ገባኝ። ባጃጁ፣ ባርኔጣው፣ መስቀሉ። ሰው ሁሉ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነው ያየው። በወርቃማ ፍሬም የአሮጊት ፎቶ ደረቴ ላይ ይዤ ከተማ ሙሉ አዞርሁ። ይህን ወግ ለአንተ የጻፍሁልህ እኔው ራሴ!

ወዲያው ወንድሟ ዓለሙ ከሐሙሲት ደረሰ። «እታለሜ! እታለሜ!» እያለ ከሚኒባስ ወርዶ በሩጫ። ስታየው እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ለፋሲካ ስጠራህ መኪና አጣሁ አልኸኝ። ለሬሳዬ ግን በጧት ደረስህ!» ዓለሙ እግሯ ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ የደስታውን ከኀዘኑ መለየት አልቻለም።

ሰው መሳቅ ጀመረ። እሷ ግን አልሳቀችም። ወደ ውስጥ ገብታ ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። አንዲት ሴት ሟርት ነው፣ ጠበል ያስፈልጋል ስትል ሰማሁ።

ያው ቀን፣ ከቀኑ ፮ ሰዓት

ካሜራውን ጠቅልያለሁ። ሁለቱንም ሌንስ። ነገ ለየሺ ይመለሳል። አትጠገብ አላናገረችኝም። ከእንግዲህ አንድም ፎቶ አትነሣም፤ የሁለታችን የሚባለው ነገር ከርብ ውኃ ጋር ሄዷል። እንኳን የሁለታችን፣ የእሷም ፎቶ አልተረፈኝም።

ሰዉ ግን አልሄደም። ሌሎች ገና እየመጡ ነው፤ በየእጃቸው የለቅሶ እንጀራ፣ ወጥ፣ ዳቦ። ይዘውት ሊመለሱ አይችሉም፤ ከለቅሶ ቤት እህል ተመልሶ አይሄድም። እንብላው እንዳይሉም ለቅሶ የለም። መሶቡን ይዘው ቆመዋል። አትጠገብ ከጓዳ ትጣራለች። ተቀመጡና ብሉ፣ የሞትሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ፈቅጃለሁ ትላለች። አሁን ሳቁ ከእሷ ጀመረ። እሰማለሁ። ካሜራው ግን እንደተጠቀለለ ነው።

ያው ቀን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ

እጄ ጭቃ ነው፤ ገጽህን ይቅር በለኝ።

በልተው ሲነሡ አትጠገብ ደጅ ወጣችና ጠራችኝ። «ያለቀሱልኝን ሁሉ ባንድ ላይ ያንሡልኝ። እውነተኛው ቀን ሲመጣ ማን እንደቀረ እንዳይበት።» እናኑ ከሳቋ ብዛት ግድግዳ ያዘች።

ታናሿን ገጠምሁ። ሰዉ በቤቱ ፊት ተደረደረ። በፎቶው ሁሉም አይገባም። ታናሿ ራሷን አትለጥጥም፤ ዘወትር ወደ ሰው የምትገፋኝ አሁን ከሰው ገፋችኝ። ወደ ኋላ። ዓለሙ ከጫፍ ተቆረጠ። ወደ ኋላ። መንገዱን አቋረጥሁ። «መምህር፣ ቦይ አለ!» አሉ። ከመስተዋቱ ዓይኔን አላነሣሁም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ እስከ ጉልበቴ የሩዙ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ካሜራዋን ግን በራሴ ላይ ከፍ አድርጌ ያዝኋት። ሰው ሁሉ በአንድ አፍ ሳቀ። በዚያች ቅጽበት ቁልፉን ተጫንሁት።

አሁን አያለሁ። የለቅሶ ነጠላ ያጣፉ ሴቶች፣ እንባቸው ያልደረቀ፣ አፋቸው እስከ ጥርሳቸው ጫፍ የተከፈተ። እንዲህ ያለ ፎቶ አይቼ አላውቅም። ሞት አፍሮ የተመለሰበት ደጅ ነው። አትጠገብ መካከል ናት። ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ተጣብቋል፤ በእሷ ቀኝ ግን የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ነው። ዓለሙ ሊገባበት ሲል በክርኗ ገፍታው ኖሮ፣ ዘንበል እንዳለ ተይዟል።

በዚያ በታጠበው የሠርግ ፎቶ ላይ በቀኟ የቆምሁት እኔ ነበርሁ።

ይህ ቦታ ለምን ባዶ ሆነ ብዬ ጠየቅኋት። እንዝርቷን ሳታቆም መለሰች፦ «ባለቦታው ቦይ ውስጥ ነበር።»

ጥቅምት ፳፭፣ ማለዳ

የተወሰነ፦ ረጅሙ ሌንስ በጧቱ ሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር። ታናሿ እዚህ ትቀራለች።

ፎቶው ፊቱን ከግድግዳው ወደ ቤቱ መልሷል። ማን እንዳዞረው አልጠየቅሁም።

ዓለሙ አድሯል፤ ፎቶ አነሣሥ እያስተማርሁት ነው። ከመንገዱ ማዶ ሄዶ ቆመ። ከዚያ አይሆንም አልሁት። የበሩ ብርሃን ደርሷል። አትጠገብ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ቀኟ ባዶ ነው። «አንቱ ሰውዬ፣ ፀሐዩ ሳያልፍ!» ትላለች። ዓለሙን ተጠጋ አልሁት፤ አሁንም ተጠጋ፤ ሰላም በለንና አሁንም ተጠጋ።