ለአባባ የሚመጣው ፖስታ

ውድ ወንድሜ ሮስኮ፣

እንደምን ከረምክ? ትከሻህስ ዳነልህ ወይ? ከአባባ ጋር አይዳሆን ለመዳችሁት? እኔና እማማ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። በስልክ አፌ እንደሚተሳሰር ታውቃለህ፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ።

ዘንድሮ ከግብር ይመለስልናል ብለን ማሞቂያውን ልናስጠግንበት ያሰብነው ገንዘብ ቀረ። በምትኩ ከግብር መሥሪያ ቤቱ የዕዳ ደብዳቤ መጣ። በረዶው የከተማውን ጣሪያ ሁሉ በበሳሳበት ዓመት አባባ ጣሪያ ሠርቶ የተቀበለውን ጥሬ ገንዘብ ለመንግሥት አላሳወቀም ነበር። የዚያን ዓመት ቅጽ ደግሞ ባልና ሚስት ሆነው በአንድነት ነው ያስገቡት። እማማ ድንች እየጠበሰች ነበር፤ እጇን በሽርጧ ጠረገችና እሱ በጣቱ ያሳያት ቦታ ላይ ፈረመች። አላነበበችውም።

ደብዳቤው ሲመጣ አልደነገጠችም። ዳኛው የድሮውን ግብር አባባ ይክፈል ያለበትን የፍቺ ወረቀት ይዘን ቤተ መጻሕፍት ሄድን። እዚያ የግብር ቅጽ በነጻ የሚሞሉት ጡረተኛዋ መምህርት ወይዘሮ ሆፍስተትለር አነበቡትና፣ «ልጄ፣ ይሄ አንቺንና እሱን ያስራል እንጂ መንግሥትን አያስርም። ሙሉውን ከፈለገው ከአንዳችሁ መጠየቅ ይችላል» አሏት። እማማ «ፈትቼዋለሁ እኮ!» ብትል፣ «ባልሽን ነዋ የፈታሽው፤ ፊርማሽ የት ይሄዳል?» አሏት።

አላውቅም ነበር ብላ ከዕዳው ለመውጣት የምትጠይቅበት ሌላ ቅጽ አለ። ካልተቀበሏት ቤቱን መሸጧ አይቀርም። ታውቂ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ብዕሯን አስቀመጠች። «ስለ ገንዘቡ አላውቅም። ያን ዓመት ያመጣትን ጀልባ ግን በምን ገዛሃት ብዬ አልጠየቅኩትም» አለች። ወይዘሮዋ ይህ ሊጎዳት እንደሚችል ነገሯት። እሷ ግን እንዳለ ጻፈችው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ መሥሪያ ቤቱ ለቀድሞው ባል በደብዳቤ ሳያሳውቅ አያልፍም። ለእሱ አይነገረው ብትልም ደንብ ነው አሏት። የፖስታ ሳጥኑን የምትከፍተው አንተ ስለሆንክ ቀድመህ የምታየው አንተ ነህ። አደራህን አትደብቀው፤ መልስ የሚሰጥበት ቀን የተቆረጠ ነው። ከሰሰችኝ ብሎ ይቆጣ ይሆናል። አልከሰሰችውም፤ የራሷን ብቻ ነው የጻፈችው።

አንተ ለማንም እንድትወግን አልፈልግም። እማማ ክፍልህን እናከራየው ብላ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

አክስቴን ቨርናን ከነልጆቿ ሳምልኝ። አባባንም ሰላም በልልኝ፤ የእሱን ሰላምታ ግን ፖስታውን ከመስጠትህ በፊት አድርስልኝ።

እህትህ ኤርሊን
ኦጋላላ፣ ነብራስካ
ኤፕሪል 22 ቀን 2019