ጀርባው ያልተነሳ መዝገብ

ጥር 12
ዛሬም ካርቶን ስፈትሽ ዋልኩ። የልደት መዝገቦቹ ስካን ተደርገው አልቀዋል። መመሪያው ግልጽ ነው... ኮምፒውተር ውስጥ የገባው ከዋናው ጋር ገጽ በገጽ ይመሳከራል፣ ሁለት ሰው ይፈርማል፣ ከዚያ ዋናው ይወገዳል። ሁለቱ ሰው እኔና አለቃዬ ነን። አርባ ካርቶን ፈረምን፣ የቀረው ገና ነው። ገጽ በገጽ? ከየካርቶኑ አምስት አምስት ገጽ አየሁ። ወገቤን አሞኛል።

ጥር 19
አርባውም ተቆራርጦ ተወገደ። ክፍሉ ሰፋ። ባሌ፣ እንግዲህ አቧራው ለቀቀሽ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሳሉ ቀለል ብሎኛል።

የካቲት 3
አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። አባቷ በቅርብ ሞቷል፤ ልጆቹ እህታችን አይደለችም ብለዋታል። ልጄ ናት ብሎ የፈረመው እኛ ዘንድ ነው፤ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ እጇን ይዞ ነው ያመጣት። ኮምፒውተሩን አየሁ። የአባት ስም ባዶ። የለም አልኳት።
"ከጀርባው ነው የፈረመው" አለች። "ወረቀቱን ሲገለብጡት አይቻለሁ።"


የካቲት 4
ካልተወገዱት ካርቶኖች አንዱን ከፈትኩ። ድሮ፣ ዘግይቶ የመጣ ነገር ሁሉ የሚጻፈው ጀርባው ላይ ነበር። በጀማሪነቴ እኔም ጽፌያለሁ። እንዴት ረሳሁት? ስካን ሲደረግ የተነሳው ፊት ፊቱ ብቻ ነው። የእሷ ገጽ ከተወገዱት ሠላሳ አንደኛው ካርቶን ውስጥ ነበር... ይወገድ ያለው ፊርማ የእኔ።

የካቲት 5
ለአለቃዬ ነገርኩት። መመሪያው ላይ "ጀርባ" የሚል ቃል የለም አለ። ልክ ነው፣ የለም። ተዪው፣ ጡረታሽ ደርሷል አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። አዝኖልኝ ነው።

የካቲት 6
ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ። "ሳላመሳክር ፈርሜያለሁ" የሚለውን ሦስቴ ሰርዤ ሦስቴ መለስኩት። አንዱን ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ አንዱን ለልብስ ሰፊዋ ሰጠሁ። አንብባ አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የካቲት 20
ማስወገዱ ቆመ። የቀሩት ካርቶኖች ፊትና ጀርባቸው እንደገና ሊነሳ ነው። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ወደ ባለጉዳይ መስኮት ተዛወርኩ። አለቃዬ ሰላም ይለኛል፣ ዓይኔን ግን አያይም።

ሚያዝያ 2
ለልብስ ሰፊዋ ምስክር ሆኜ ፍርድ ቤት ቀረብኩ። ዳኛዋ "ገጹን በዓይንዎ አይተውታል?" አሉኝ።
"አላየሁትም። ሳላየው እንዳስጠፋሁት ልናገር ነው የመጣሁት።"
ከእኔ ቀጥሎ የሟቹ እህት፣ አሮጊት፣ ሰው ደግፏቸው ቀርበው ልጁ ስለመሆኗ የሚያውቁትን ተናገሩ።

ግንቦት 11
ልብስ ሰፊዋ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ይዛ መስኮቴ ጋ መጣች። አዲስ ቅጽ አወጣሁ። አባት ከሚለው ፊት ስሙን ጻፍኩና፣ ትክክል መሆኑን እዪው ብዬ ወረቀቱን አዞርኩላት። ጮክ ብላ አነበበችው። ከኋላዋ የተሰለፉት ሁሉ ሰሙ። ድገሚው አላልኳትም... ራሷ ደገመችው።