ዘንድሮ የቀላው ማር

ይድረስ ቦንጋ ላሉት አጎቴ ለጋሽ ገብረ መድኅን፤
ከነቤተሰብዎ እንዴት ከረሙ? እኛ እዚህ መካኒሳ ደህና ነን።

ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ ምን እንደምሠራ ጠይቀውኝ ነበር። የሳተላይት ፎቶ እያሳየነው፣ ወደፊት የትኛው ደን እንደሚመነጠር እንዲተነብይ እናስተምረዋለን። የሚገርመኝ፣ መጥረቢያ ከመግባቱ በፊት እንደ ምልክት የሚያየው አዲስ መንገድን ነው! «መንገድ ገባልን» ብለውኝ አልነበር? የእናንተን ደን ሳሳየው «ይመነጠራል» ብሎ በቀይ ቀባው። ሳቅሁበት። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ እንደማይቆረጥ ማን ይንገረው?

ማሩ ደርሶናል፤ እግዜር ይስጥልን። ዘንድሮ ግን ቀላ ብሏል። ሁልጊዜ ነጭ የሚያደርገው ቀፎ የምትሰቅሉበት የዚያ የትልቁ ዛፍ አበባ አልነበር? ንቦቹ ምን ቀስመው ይሆን? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ለአክስቴና ለልጆቹ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ያንን አቅፌ የማልጨርሰውን ትልቁን ዛፍም፣ ወጣ ብለው ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ጸደንያ