ለእሑድ ያስቀመጥኸው ወይን

ሆዴ፣ እንዴት ከረምህ? እኔ አለሁ። ከተለያየን ዓመት ሞላን። ተዝካርህን አውጥተናል። ሰዉ በልቶ ጠጥቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። እኔ አላለቀስሁም። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ እንባዬ እንዲመጣ አጠገቤ ተቀምጠው ሲያለቅሱልኝ ዋሉ። ለእሳቸው አዘንሁ እንጂ ለራሴ ምንም አልተሰማኝም።

ቤቱ ደህና ነው። አስፋልቱ በራችን ደርሶ፣ ወደ ሊማሊሞ የሚወርዱት የጭነት መኪኖች አቧራ ማልበሳቸውን ትተዋል። የሚያፈሰውን ጣሪያ አስጠግኛለሁ። እበላለሁ፣ ግን ጨው የበዛበትን ካነሰበት አልለይም። ወጥ ስሠራ እትዬ አስካለ ይቀምሱልኛል።

ጓዳ ያለችውን ትንሽ ጠርሙስ ግን ማንም እንዲነካት አልፈቀድሁም።

ተራራ ላይ ለቱሪስቶች ስታበስል ሰንብተህ፣ እነሱ ያስተረፉትን የተጋመሰ የወይን ጠጅ መጀመሪያ ያመጣህ ዕለት ትዝ ይልሃል? ለእሑድ እንዳስቀምጠው ነግረኸኝ ወጣህ። እኔ የማውቀው ጠላ ነው። የደባርቅ ብርድ ጠላ አላፈላ ሲል እንደማደርገው፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ ምድጃው ጥግ አስቀመጥሁት። እሑድ ኮምጣጤ ሆኖ ጠበቀን። ሰላጣ ላይ አፍስሰህ እየሳቅህ በላኸው፤ ባለሙያ ሚስት አግኝቻለሁ እያልህም ስታሾፍብኝ ከረምህ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ያንተ ሆነ። አየር እንዳያገኘው የተረፈውን በትንሽ የለስላሳ ጠርሙስ እስከ አፉ ትሞላለህ፣ ቡሹን በቢላ ጠርበህ ትወትፍበታለህ፣ ብርድ ከሚመታው የጓዳ ግድግዳ ሥር ታቆመዋለህ። ሰፈሩ ሳቀብህ። እኛ አገር የተከፈተ ጋን ጎረቤት ተጠርቶበት ያልቃል እንጂ መልሶ ይከደናል? እትዬ አስካለ ቋጣሪ አሉህ። አንተ ግን የምትቋጥረው ከቅዳሴ መልስ ሁለታችን መለኪያ መለኪያ እንድንጠጣ ነበር። እኔም የምወደው ያንን ሰዓት ነበር።

የመጨረሻዋንም ጠርሙስ እንዲሁ ለእሑድ አስቀመጥህ። ዓርብ ሳልህ ጠናብህ፤ እሑድ ቀበርንህ። የተከፈተ ወይን ቢበዛ ሳምንት ነው የሚቆየው ብለኸኝ ስለነበር፣ እንደሚኮመጥጥ አውቃለሁ። ግን ቡሹን የወተፈው እጅህ ነው። እሱን ከነቀልሁ እጅህ ያለበት ነገር ቤት ውስጥ አይቀርም ብዬ ፈራሁ።

ትናንት ከቅዳሴ ስመለስ ነቀልሁት። በመለኪያ ቀድቼ ቀመስሁ። ኮምጣጤ ነው፣ ሆዴ። አፌን አጨማደደው፣ ጥርሴን አጠረሰው። ዓመት ሙሉ ከቀመስሁት ሁሉ ጣዕሙን የለየሁት እሱን ብቻ ነው። እትዬ አስካለን ጠርቼ ሰላጣ ላይ አፍስሰን በላን። አሁንም አላለቀስሁም፤ ግን ሰላጣው ጨው አንሶት ነበር፤ እሳቸው ሳይነግሩኝ ተነሥቼ ጨመርሁ።

የጎደለ ጠርሙስ አየር ይገባዋል ብለኸኛል። ስለዚህ የሳልህን ሽሮፕ ጠርሙስ በፈላ ውሃ አጥቤ የተረፈውን እስከ አፉ ሞላሁት። ቡሽህ አልገባ ስላለ ትንሽ ጠረብሁት። አሁን የሁለታችንም እጅ አለበት። ዓመት በመጣ ቁጥር እቀምስልሃለሁ፤ በጎደለ ቁጥር ደግሞ ከዚያ የሚያንስ ጠርሙስ እፈልጋለሁ።