ያለ መርዶ የሮጥንበት ጠዋት

ፋንዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ?

ላስታ ላይ የሚነጋው ከላይ ወደ ታች ነው። ዛሬ ማለዳ ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ስሮጥ፣ ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶ የሐዋሳ ሐይቃችንን መስሎ ተኝቶ ነበር። እግሬ መሬት መርገጡንም እንጃ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ በአርባ ሁለት ዓመቴ ሩጫ መጀመሬ እያሳፈረኝ፣ የተመዘገብኩበትን ማራቶን ልተወው እያሰብኩ ነበር።

ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ፣ እያለቀሰች ትከተለኛለች። የተሸከመችውን ገብስ መንገድ ዳር ጥላው ነው የመጣችው።

«እታለም፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አለችኝ።

ለካ እዚህ ትልቅ ሴት የምትሮጠው መርዶ ስትሰማ ነው! አብራኝ ልታለቅስ ነበር የሮጠችው።

«ማንም አልሞተብኝም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው የምሮጠው» አልኳት።

ትስቅብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «እንግዲያማ ትንሽ አብረን እንሂድ» አለች።

ባንችይርጋ ትባላለች። በጉሙ ውስጥ ጎን ለጎን ሮጥን፤ እንደ ልጃገረድ ትስቃለች። መታጠፊያው ላይ ቆማ ደረቷን ይዛ፣ «ከተዳርኩ ወዲህ ሰው ሳይሞት ስሮጥ ገና ዛሬ ነው» ብላኝ ወደ ገብሷ ተመለሰች።

እኔ ግን አልቆምኩም፤ ገነተ ማርያም ገባሁ። ማራቶኑንም እሮጠዋለሁ።

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሳሚልኝ፤ ጉልበትሽ ሲሻልሽ ቀስ ብለን ሩጫውን አብረን እንጀምራለን። ካርዱ ጥግ ላይ ያለው ጭቃ የመንገዱ ነው፤ አትጥረጊው።

የትናየት